አያቴ ስፖርት አትሠራም

አያቴን ብትጠይቋት ‹‹ስፖርት በዞረበት አልዞርም›› ትላችኋለች። እኔ ግን በዐቢይ ጾም 41 ጊዜ ‹‹እግዚኦ›› እያለች ስትሰግድ ቆጥሬያታለሁ። እኔ አሥረኛው ላይ ጉልበቴ ይከዳኛል።

ዓምና ደረጃ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ስግደቱም ቀረ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙም ቀረ። እኛም ‹‹ተቀመጪ፣ እኛ እናመጣልሻለን›› እያልን ሶፋ ላይ ተከልናት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም 3 ቀን ሚዛን መጠበቂያ ልምምድ ይመክራል፤ እንዳይወድቁ። እኛ ደግሞ እንዳትወድቅ ብለን አስቀመጥናት!

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ‹‹መንገድ ለሰው›› ሲጀመር መስቀል አደባባይ ሄጄ ነበር። ስፒከሩ ይጮሃል፣ አሠሪው ይዘላል። (እኔም ዘልያለሁ፤ ፎቶውን አላሳይም።) አያቴን እዚያ ልውሰዳት? በፍጹም።

መላው የመጣው ከሴቶች ዕድራቸው ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበው ቀስ እያሉ በእግር ይሄዳሉ። ከዚያ ጡረታ የወጣች ነርስ ጎረቤታችን ወንበር ይዞ መነሳትና መቀመጥ ታለማምዳቸዋለች።

አያቴ የመጀመሪያው እሁድ ‹‹እጄን አሞኛል›› አለች። ሁለተኛው እሁድ ‹‹ሰው ምን ይለኛል?›› በሦስተኛው ነጠላዋን አጣፍታ፣ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

‹‹እማማ፣ ስፖርት ልትሠሪ ነው?››

‹‹የምን ስፖርት? የዕድር ጉዳይ ነው። ከቀረሁ ይቀጡኛል።››