የሱኑት ደን

በጥር ወር 2012 ዓ.ም.፣ በካርቱም እንኖር የነበርን ሰባት ኢትዮጵያውያን፣ ዕለቱ ዓርብ የዕረፍት ቀን በመሆኑ፣ ወደ ሱኑት ደን በእግራችን ሄድን። ደኑ የሚገኘው ከአገራችን የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት በሞግረን አጠገብ ነበር። ሱኑት የግራር ዘር ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ለብዙ ሳምንታት በውሃ ውስጥ ቢቆምም አይደርቅም። በበጋ ደግሞ የአውሮፓን ብርድ የሚሸሹ ወፎች ይሰፍሩበት ነበር።

ካርቱም በሙቀቷ ብትታወቅም፣ በዚያ ማለዳ የሰሜኑ ነፋስ አጥንት ሰርስሮ ይገባ ነበር። ከደኑ ዘበኛ ጎጆ የደረስነው እየተንቀጠቀጥን ነው። ከመካከላችን አንዱ እሳት ለማንደድ አስቦ እርጥብ ቅርንጫፍ ሊሰብር እጁን ሲዘረጋ፣ ሽማግሌው ዘበኛ «ልጄ፣ የቆመውን ተወው፤ የወደቀ ሞልቷል» አሉት። ከዚያም ጭራሮ ለቅመው አነደዱ፤ ሻይም አፈሉልን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና ሁላችንም ተበተንን። በጦርነቱ ዘመን ደኑ በአብዛኛው ተጨፍጭፎ ማገዶ መሆኑን ሰማሁ። ጋዝ ያጣች እናት ለልጆቿ በምን ታበስል? በቈረጡት ሁሉ ላይ ለመፍረድ አልደፍርም፤ የአንድ ቀን ብርድ ቢነካን እኛም እጃችንን ወደ እርጥቡ ቅርንጫፍ ዘርግተን ነበርና። ሆኖም በዚያ ቀን ሰባታችንም የሞቅነው በወደቀው እንጨት እንደ ነበር አልረሳም።