የሰቆጣ ሙሉ ቀን

ሰቆጣን በስም የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ደርሶ ያያትም እንዲሁ ጥቂት ነው። ከወልዲያ ተነስቶ ቆቦንና አላማጣን ያለፈ መንገደኛ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ዳገት ጨርሶ ኮረም ሲደርስ ብርዱ ይቀበለዋል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ዋግ ይገባል። ተራራው የተራቆተ፣ ገደሉ ጥልቅ፣ ቤቱ የድንጋይ ነው። በክረምት የሚሞላው ወንዝ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

እኔ ዋግን ያወቅሁት በነርስነት ሥራዬ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከደሴ ተልኬ ኮረም መጠለያ ውስጥ ሠራሁ። ከ1984 እስከ 1991 ዓ.ም. ደግሞ ሰቆጣ ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በ2011 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የጥንት ጎረቤቶቼን ልጠይቅ ተመልሼ ሄጃለሁ። ስለዚህ አገር ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይመላለስብኛል። እሱን ለማስረዳት ግን ራቅ ብዬ፣ ከእንግሊዞች ቴሌቪዥን መጀመር አለብኝ።

ኮረም ሳለሁ አብራኝ ሌሊት ተረኛ የምትሆን አንዲት እንግሊዛዊት ነርስ ነበረች። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ሕፃናቱ ጋብ ሲሉ ፋኖሱ አጠገብ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ስለ ልጅነታችን እናወራ ነበር። እኔ የእናቴን ተረት ስነግራት እሷ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቤታቸው የነበረውን ቴሌቪዥን ትተርክልኛለች።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ጣቢያው ሁለት ብቻ ነበር፤ ቢቢሲና አይቲቪ። ሦስተኛው የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የስርጭቱን ሰዓት መንግሥት ስለሚገድበው ቀኑን ሙሉ የሚታይ ነገር የለም። ጠዋት ለተማሪዎች ትምህርት ይተላለፋል። ከቀትር በኋላ እናት ትንሽ ልጇን አቅፋ የምታየው «ዋች ዊዝ ማዘር» የተባለ አጭር የአሻንጉሊቶች ጨዋታ አለ። ፕሮግራም በሌለበት ሰዓት የማይንቀሳቀስ ሥዕል ይቆማል፤ ጠጋኞች የቴሌቪዥኑን ምስል የሚያስተካክሉት በእሱ ነው። ከትምህርት ቤት ለሚመለሱት ልጆች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን «ብሉ ፒተር» ይመጣል። ማታ ዜና ይከተላል፤ ከዚያም ድራማ። አንዱ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ነው፤ በሰሜን እንግሊዝ በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ሠራተኞች ይተርካል። ሌላው «ኢመርጀንሲ ዋርድ ቴን» የሆስፒታል ታሪክ ነበር። ጓደኛዬ ነርስ የመሆን ሐሳብ መጀመሪያ የመጣላት እሱን ስታይ እንደሆነ እየሳቀች ነግራኛለች። በመጨረሻ የአገሪቱ መዝሙር ይዘመራል። አባቷ ቴሌቪዥኑን ሲያጠፋው መሀሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ትቀርና ቀስ ብላ ትጠፋለች።

ከሁሉ የገረመኝ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ድረስ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ስርጭቱ ይቋረጥ ነበር። ምክንያቱ ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን እንዲያስተኙ ነው። አንድ አገር ሙሉ ለሕፃናት እንቅልፍ ሲል ቴሌቪዥኑን ይዘጋል ማለት ነው።

የእኛም ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ረድቶታል። ዋግ ያኔ በወሎ ሥር ያለ አውራጃ ነው። ታዲያ ዋግ ቴሌቪዥን ከማየቱ በፊት ራሱ በቴሌቪዥን ታየ።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአይቲቪ አሳየ። ያው ፊልም ከንጉሡ ድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ፤ ንጉሡም በማግስቱ ከዙፋን ወረዱ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም መጡ። የቀረጹት ለዓለም ታየ። በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ ለእርዳታ ታላቅ ኮንሰርት ተደረገ። መሐመድ አሚን በ1989 ዓ.ም. ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሞተ።

ጓደኛዬም ወደ እኛ የመጣችው ያንን ዜና እቤቷ ተቀምጣ አይታ ነው። ምስሉ ነፍስ አድኗል፤ ዱቄቱም ብርድ ልብሱም ሲደርስ አይቻለሁና ምስክር ነኝ። ሆኖም አንድ ሌሊት እሷው ራሷ ያለችው ከልቤ አልወጣም። «የእኛን አገር ከጠዋት አሻንጉሊቱ እስከ ማታ መዝሙሩ ድረስ አየሁት። የእናንተን ያየሁት ግን በዜናው ሰዓት ብቻ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እንግሊዝም ዜናዋ ክፉ የሆነበት ቀን ነበራት፤ ነገር ግን ልጆቿ ጠዋቱንም ከሰዓቱንም አብረው አይተዋል። የዋግ ልጅ ግን የአያቱን አገር በቴሌቪዥን ያገኘው በዚያች ክፉ ሰዓት ነው።

የሰቆጣ ቀን ሌላ ብዙ ሰዓት አለው። ማለዳ የቅዳሴ ድምፅ ይሰማል፤ ሴቶች በጀሪካን ውሃ ይቀዳሉ፤ ልጆች እርስ በርስ በኽምጣና እየተጫወቱ ወደ ትምህርት ቤት ይወርዳሉ። የገበያ ቀን ከሆነ የአበርገሌ ፍየል፣ ማርና እህል ይወጣል። ይህ ገበያ በጥንት ዘመን ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚራገፍበት ነበር። ከከተማው ወጣ ሲሉ ከአለት የተፈለፈለችው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለች፤ የዋግሹሞች አስከሬን ያረፈባት ናት። ከዋግሹሞቹም አንዱ ጎበዜ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል። ጤና ጣቢያው በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ሊያስመዝኑ ይሰለፋሉ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው በዚህችው ከተማ ስም ነው። ያ ቃል ገና አልተፈጸመም፤ ከዚያ ወዲህም ጦርነትና ድርቅ ብዙ ሰው አፈናቅለዋል። ችግሩ የለም አልልም። ችግሩ ግን የቀኑ አንድ ሰዓት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በሄድኩ ጊዜ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ የሻደይ ሰሞን ነበር። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ቄጠማ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተኳኩለውና ተሠርተው፣ ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ያረፍኩበት ቤት እማማ ከኮረም መጠለያ የተረፉ ናቸው። አንድ ማታ ቡና ላይ ሳለን ቴሌቪዥኑ የዚያን ዘመን ምስል አሳየ። የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ዞር ብሎ «እማማ፣ እነዚህ እነማን ናቸው?» አላቸው።

ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቴሌቪዥኑን እንዲያጠፉት የፈለጉ መስሎኝ ልነሳ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «እኛ ነን ልጄ፤ ክፉ ቀን ነበር» አሉት። ከዚያ ልጁን ጠጋ አድርገው ከክፉው ቀን በፊት የነበረውን ይነግሩት ጀመር፤ አባታቸው ስንት ቀፎ ንብ እንደነበራቸው፣ ማሩ ሲቆረጥ ልጆች እጃቸውን እንዴት እንደሚልሱ፣ እሳቸው በስንት ዓመታቸው ሻደይ እንደወጡ። በመሀል በኽምጣና እየገቡ ነበርና ሁሉንም አልተከተልኩም። ልጁ ግን ተከትሏቸዋል፤ ሲስቅ ሰማሁት።

በማግስቱ የአማራ ቴሌቪዥን የሻደይን ጭፈራ አስተላለፈ። ዛሬ በኽምጣናም ፕሮግራም አለው። ልጁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተጎልቶ ከጨፋሪዎቹ መካከል እህቱን ይፈልጋል፤ እማማ ከኋላው ቆመው «ይቺ እሷ አይደለችም፣ ወደዚያ እያት» ይሉታል።

ይህን ያጫወትኳችሁ፣ አያቶች ሆይ፣ የየቤታችን ልጆችም የትውልድ አገራችንን ስም ከቴሌቪዥን በክፉ ዜና መካከል ስለሚሰሙ ነው። ሲጠይቁን ዜናውን አንካድባቸው። ቀሪውን ቀን ግን ከእኛ በቀር የሚነግራቸው የለምና፣ ምሽት ላይ ቴሌቪዥኑን ለአንድ ሰዓት ዘግተን እናጫውታቸው።