የሮቢት ጎሚስታ

ከወልዲያ ወርደን ጎቢዬን ካለፍን በኋላ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ ይፋጃል። ሮቢት ግራና ቀኙ ማሽላ ነው፤ ለእኔ ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ አገር። የመንገድ ዳሩ ጎሚስታ ክሩስኮቱ ላይ የበራውን ቢጫ የጎማ ግፊት ምልክት፣ ቃለ አጋኖ የታቀፈችውን የፈረስ ኮቴ፣ አየና «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ከአውሮፓ የመጣች ናት አይደል? እኛ በእግር ነው የምንለካው» አለኝ፤ ጎማውንም ረገጥ አደረገ።

በእግር ግን 32ና 26 ፒኤስአይ ግፊት አይለዩም። ለዚህም ነው በአንዳንድ መኪና ቸርኬው ውስጥ በባትሪ የሚሠራ መለኪያ ተቀምጦ ግፊቱን በሬዲዮ የሚልከው። መለኪያ የሌላቸው ደግሞ የኤቢኤስ ፍሬኑን የጎማ ዙር ቆጠራ ያያሉ፤ የላላ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ በላይ ይሽከረከራል። አራቱም እኩል ከላሉ ግን ይህኛው ይሞኛል።

አሜሪካ ይህን ማስጠንቀቂያ በሕግ ያስገደደችው በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች የፋየርስቶን ጎማ እየተላጠ ከ200 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። አደጋው የበዛው እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ባሉ ሞቃት ግዛቶች ነበር። የላላ ጎማ ሲተጣጠፍ ይግላል፤ የዚህ የራያ ቆላ አስፋልት ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው።

ጎሚስታው ወዲያው አለመለካቱ ደስ አሰኘኝ። «ጥላ ውስጥ ትቁም፣ ትብረድ» አለ፤ ሻይ ጠጣን። ልክ ነው፦ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ወደ 1.5 ፒኤስአይ ከፍ ይላል። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደዚህ መውረድ ደግሞ ጌጁ ላይ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። በጋለ ጎማ ላይ «በዛ» ብሎ የሚያስተነፍስ ሾፌር ማታ የላላ ጎማ ይነዳል።

የኋላ ቀኙ ሚስማር ይዞ ነበር። ከተለጠፈና ከተሞላ በኋላ ከመሪው ሥር ያለውን ቁልፍ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ተጭኜ ያዝኩት፤ ከዚያ ጥቂት መንዳት ነው። ቁልፉ አየር አይሞላም፤ ያለውን ግፊት «ትክክል ይህ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በላላ ጎማ ላይ የሚጫነው ሰው፣ እንዲህ የሚያደርግም ብዙ ነው፣ መኪናውን ውሸት ያስተምራል። ሞተር ሲነሳ መብራቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ብሎ ከዚያ በርቶ ከቀረ ችግሩ የመሣሪያው ነው፤ በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የመለኪያው ባትሪ አልቆ ነው። ያንን ቁልፍ አያድነውም።

«መቐለ ያድራሉ?» አለኝ ሒሳቡን ሲቀበል። «ብርድ ነው እዚያ፤ ጠዋት ሳይነሱ ይለኩት።»