የመፀው ምሽት በቦርከና ሸለቆ

ክረምቱ አልፎ ጭቃው ሲጠነክር፣ ወንዙ ሲጎድልና አዝመራው ሲያሸት የወሎን ገጠር በእግር ለማየት ከዚህ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። በሀገራችን አቆጣጠር መፀው የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ሲሆን፣ ጥቅምትና ኅዳር ግን እምብርቱ ናቸው። የክረምቱ ዝናብ አቧራውን አጥቦታልና ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሩቁ ተራራም ቅርብ ይመስላል። በዚህ ወቅት ከዐስር ሶላት በኋላ ተነስቶ እስከ መግሪብ መጓዝ ለዓይን ደስታን ይሰጣል። ከዚያም በላይ አባቶቻችን ያለ ሰዓትና ያለ ድምፅ ማጉያ የሶላታቸውን ወቅት እንዴት ይጠብቁ እንደነበር ያስተምራል። ውድ አንባቢያን፣ ለዛሬ ወደ ቦርከና ሸለቆ አብረን እንውጣ።

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነስቶ፣ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በሀርቡና በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረጋማ ሜዳ እያጠጣ በመጨረሻ ወደ አዋሽ የሚገባ ወንዝ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ሸለቆውን ይዞ ይወርዳል። በስተ ምዕራብ የደጋው ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከሜዳው ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በስተ ምሥራቅ ያሉት ጋራዎች ግን ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ከእነርሱ ማዶ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። አንባቢ ይህን አቀማመጥ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

የጉዞው መነሻ ዐስር ነው። የዐስርን መግባት የምናውቀው በጥላ ነው። አንድ በትር መሬት ላይ ቀጥ አድርገን እንተክላለን። እኩለ ቀን ላይ የነበረውን አጭር ጥላ ለይተን፣ በዚያ ላይ የበትሩን ቁመት የሚያህል ጥላ ሲጨመር በሻፊዒይ መዝሀብ ዐስር ገብቷል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን የቁመቱን እጥፍ ይጠብቃሉ። በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች የሚቀሩበት ሀገር ስለሆነ፣ የአንዱ መንደር ሰው ሰግዶ ሲነሳ የሌላው መንደር ሰው ገና ውዱእ ሲያደርግ ቢታይ ማንም አይደነቅም።

ሰግደን መንገድ ስንጀምር ጤፉ ወርቅ መስሎ ተኝቷል። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ራሱ ቀልቶ ወደ መሬት አጎንብሷል። በማሳው መካከል ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ልጆች ቆመው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ወንጭፉ ሲጮህ ወፉ እንደ ጭስ ተነስቶ ሌላው ማሳ ላይ ያርፋል፤ የዚያኛው ማሳ ልጅም በተራው ይጮኻል። ከብቶች ከግጦሽ ይመለሳሉ። ከኋላቸው የሚነሳው አቧራ በዘቅዛቃው ፀሐይ ሲመታ ያንጸባርቃል። መንገደኛ ሁሉ ሰላምታ ያቀርባል፤ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ?» ይባላል። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ተጠያይቆ «አልሐምዱሊላህ» ሳይባል የሚያልፍ የለም።

ከዚያ ፀሐይዋ ትሰወራለች። ሰዓቱ ግን ገና ነው። ሜዳው ላይ ጥላ ወድቆ፣ ነፋሱ ቀዝቅዞ፣ የመሸ ይመስላል። ከደሴ ከተማ ይዣቸው ከወረድኩት ተማሪዎች አንዱ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ በዚህ ጊዜ ቆም ብሎ «ኡስታዝ፣ ፀሐይዋ ጠልቃለች፤ ለምን አዛን አልተባለም?» ሲል ጠየቀ። እኔ መልስ ሳልሰጥ ከአጠገባችን ማጭዳቸውን ይዘው የሚመለሱ አንድ አዛውንት ሰምተውት ኖሮ ፈገግ አሉ። ወደ ምዕራብ ዞር እንኳ አላሉም። በያዙት በትር ወደ ምሥራቁ ጋራ አመለከቱና «ልጄ፣ ብርሃኑ ከዚያ ጫፍ ሳይነሳ ምን አስቸኮለህ? ጋራ ጋረዳት እንጂ መች ጠለቀች?» አሉት። ልጁ ዞሮ ሲያይ የምሥራቁ ጋራ አናት ገና በብርሃን ተጥለቅልቆ ነበር።

አዛውንቱ የተናገሩት በመድረሳ ከምንቀራው ጋር አንድ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት በተራራና በሕንፃ በተከበበ ስፍራ የፀሐይ መግባት የሚታወቀው ብርሃኗ ከተራራ ጫፍና ከግድግዳ አናት ሲነሳና ጨለማው ከምሥራቅ ሲመጣ ነው ይላሉ። ስለዚህ የመግሪብን መግባት የሚሻ ሰው ጀርባውን ለምዕራብ፣ ፊቱን ለምሥራቅ ይሰጣል።

ዐብዱላህ ኢብን አቢ አውፋ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስም ይህንኑ ያሳየናል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ጾመው በጉዞ ላይ ሳሉ ፀሐይ ገባች። አንዱን ባልደረባቸውን ወርዶ በሶ እንዲበጠብጥላቸው አዘዙት። እርሱ ግን ገና ቀን መስሎት ትንሽ እንዲቆዩ ደጋግሞ አሳሰበ። ደጋግመው ሲያዙት ወርዶ በጠበጠ፤ እርሳቸውም ጠጡ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ምሥራቅ አመልክተው፣ ሌሊቱ በዚያ በኩል ሲመጣ ጾመኛ እንደሚያፈጥር ነገሩት።

የሁለቱን ነገር አስተያዩ። ሶሓቢዩ የቀረውን የሰማይ ብርሃን አይተው ገና ቀን ነው አሉ፤ የእኛ ተማሪ ደግሞ የጋራውን ጥላ አይቶ መሽቷል አለ። አንዱ ዘግይቷል፣ ሌላው ቸኩሏል። ለሁለቱም የተሰጠው መልስ ግን አንድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከት።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያስተማሩንም ይህን ያጠናክራል። ፀሐይ ከአድማስ በታች ስትወርድ የመሬት ጥላ በምሥራቅ ሰማይ ላይ ይነሳል። ከስሩ ሰማያዊ ግራጫ፣ ከላዩ ሮዝ የመሰለ መቀነት ነው። ደቂቃ በደቂቃ ከፍ ይላል፤ ሮዙን ዋጥ አድርጎ ይጠፋል። መጽሐፍ የመሬት ጥላ የሚለውን አባቶቻችን የሌሊት መምጣት ይሉታል። በጥርት ባለ የመፀው ምሽት ከቦርከና ሜዳ ላይ ማንም ቆሞ ሊያየው ይችላል።

በዚህ ጊዜ ከመንደሩ አዛኑ ይሰማል። በመስኖው ቦይ ውዱእ ተደርጎ፣ ፎጣ ወይም ጋቢ ተነጥፎ፣ ጀመዓ ይሰገዳል። ቀኑም ያበቃል፤ በኢስላም አቆጣጠር አዲሱ ቀን በመግሪብ ይጀምራልና ሐሙስ ማታ የጁምዓ ሌሊት ነው። የሀገራችን ሰዓትም ለዚህ ቅርብ ነው፤ ፀሐይ በምትገባበት አካባቢ 12 ተብሎ እንደገና ከ1 ይቆጠራል። ይሁን እንጂ 12 ሰዓት ማለት መግሪብ ማለት አይደለም። በዚህ አካባቢ በኅዳር መጀመሪያ ፀሐይ የምትገባው ለ12 ሰዓት 5 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ነው፤ በሐምሌ መጀመሪያ ግን 12 ከ45 አልፎ ነው። ልዩነቱ ከ50 ደቂቃ ይበልጣል።

የመመለሻው መንገድ ደግሞ የሸፈቅ መንገድ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢንሺቃቅ የማለበት ሸፈቅ ከፀሐይ መግባት በኋላ በምዕራብ የሚቀረው ብርሃን ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ብርሃኗ ብዙ አየር ሰንጥቆ ይመጣል፤ ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ቀዩ ይደርሰናል። በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድ ቀዩ ሲጠፋ ዒሻ ይገባል፤ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ግን ከቀዩ በኋላ የሚቀረው ነጭ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ። በእኛ ሀገር ብርሃኑ ፈጽሞ እስኪጠፋ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። በስዊድን ወይም በኖርዌይ ያሉ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በበጋቸው ሌሊት ይህ ብርሃን ጨርሶ ስለማይጠፋ ዒሻን በዑለማዎች ፈትዋ ይሰግዳሉ። የጠራ ምሽትና የጠራ ጨለማ ማግኘታችን ትልቅ ኒዕማ ነው።

ሰላምም እንዲሁ ኒዕማ ነው። በ2014 ዓ.ም. መፀው ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ እስከዚህ ሸለቆ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ በማሽላው መካከል የሚሰማ ድምፅ የወንጭፍ አልነበረም። ልጅን ይዞ ፀሐይ ስትገባ ለማየት መውጣት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ሲከለከሉት ነው።

ውድ ወላጆች! ዛሬ የልጆቻችን መግሪብ ስልክ ውስጥ ነው። የስልኩ ስሌት ይጠቅማል፤ በከተማ ለሚኖር፣ ደመና ለጋረደው፣ ለመንገደኛ እጅግ ያግዛል። ነገር ግን ባትሪው ያልቃል፣ መስመሩም ይጠፋል፤ ሰማዩ ግን በቦታው አለ። ስሌቱም የተሠራው በሰማዩ ምልክት ላይ ነው። ምልክቱን የማያውቅ ልጅ ስልኩ ቢሳሳት በምን ያርመዋል? ስለዚህ ሀገር ሰላም በሆነበት፣ ደመና በሌለበት አንድ የመፀው ቀን ልጆቻችሁን፣ ወንዱንም ሴቷንም፣ ይዛችሁ ወደ ገላጣ ስፍራ ውጡ። ከከተማ ዳር ያለ ሜዳም ይበቃል። በትር ተክላችሁ የዐስርን ጥላ አስለኩአቸው። ፀሐይዋ ወደ መግቢያዋ ስትቃረብ በዓይናቸው ትኩር ብለው እንዳያዩአት አስጠንቅቋቸው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙሩላቸውና ሌሊቱ ሲመጣ ያሳዩአቸው። አዛኑን ከልጆቹ አንዱ ያድርግ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሶላትን በወቅቷ ከሚጠብቁት ያድርገን፤ ለሀገራችንም ሰላሟን ያዝልቅላት። አሚን። ወላሁ አዕለም።