የኋላ ፍሬን ፒስተን

በጁባ ታውን ተቀምጠን ሳለን የመኪናችን የኋላ ፍሬን ሸራ እስከ ብረቱ አለቀ። በዚያው ቀን ቤተ ሰባችንን ይዘን በ192 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ወደ ኒሙሌ ልንወርድ ቀጠሮ ነበረን።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለ ሆነ፥ ወጥቶ የቀረው ፒስተን ወደ ማደሪያው ካልተመለሰ ቦታ አያገኝም። ለዚህ የተሠራው ልዩ መሣሪያ አልነበረንም። የፊተኛውን ቀድሞ በአናጢ ሞርሳ ገፍተን እናውቅ ነበርና የኋላውንም እንዲሁ ጨመቅነው። አልነቃነቅ አለ። እኛም፥ ድፍረታችን ከዕውቀታችን በልጦ፥ ሞርሳውን የባሰ አጠበቅነው።

በአጠገባችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ ያገራችን ሰው፥ «ልጄ፥ ተው! አትግፋው፤ አዙረው» አሉን። ይኸውም የእጅ ፍሬኑ በገመድ ተስቦ ከካሊፐሩ ጋር በተያያዘባቸው በብዙዎቹ መኪኖች፥ ፒስተኑ በውስጡ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፤ በግድ ቢገፉት ውስጡ ይበላሻል እንጂ አይገባም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ግን ሌላ ሥርዓት አለው።

የእጅ ፍሬኑን ለቀቅን። ፒስተኑ ሲመለስ የፍሬን ዘይት ወደ ላይ ይወጣልና የዕቃውን ክዳን ከፈትን፤ ዘይቱ ቢፈስ የመኪናውን ቀለም ስለሚልጥ ጨርቅ አነጠፍን። ከዚያም የጫፈ ሹል ፒንሳን ሁለት ጫፎች በፒስተኑ ፊት ባሉት ጎድጓዳ ሥፍራዎች አግብተን፥ የጎማ ሽፋኑ እንዳይጠመዘዝ እየተጠነቀቅን፥ እየተጫንን ወደ ቀኝ አዞርነው። ጥቂት በጥቂት ገባ።

ሸራውንና ጎማውን አስረን ልንነሣ ስንል ሽማግሌው፥ «ፔዳሉን ሳትረግጥ ወዴት ነው?» አሉ። ረገጥን፤ እስከ ወለሉ ወረደ። ደግመን ረገጥን፤ ያው ነው። በአምስተኛው ጠነከረ። ልጆቻችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር።