ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ እና ቅዳሜ

ጓደኛዬ ከለንደን ልትጠይቀኝ የመጣችው ቅዳሜ ቀን ነበር። ባቡር ቀይራ፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ተጉዛ ሉድሎ ደረሰች። ግንቡን አየች፣ ፎቶ ተነሣች፣ ከገበያው አምስት ኪሎ ሽንኩርት ገዛች፣ ሻይ በኬክ ጠጣች። ከዚያ ስልኳ ላይ ሰዓት አየችና «እሺ፣ ሌላስ?» አለችኝ።

ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም ነበር።

የምመልሰው ጠፋኝ። አምስት ዓመት የኖርኩበት ከተማ በግማሽ ቀን አለቀ ማለት ነው። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ግን አልፈርድባትም። እኔም የመጣሁ ሰሞን እንደሷ ነበርኩ። የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሥራ አግኝቼ «አንድ ዓመት ሠርቼ ውልቅ» ብዬ ነበር የመጣሁት። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ያልዞርኩበት መንገድ የቀረ አይመስለኝም። ሰኞ ጠዋት «በቃ ይሄው ነው?» ብዬ ለእናቴ ደወልኩ።

ስለዚህ ይሄ ያን ቀን ለጓደኛዬ መስጠት የነበረብኝ መልስ ነው። እናንተም ወደ እንዲህ ያለ ከተማ ብቅ ካላችሁ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

ሉድሎ ሽሮፕሽር በሚባለው አውራጃ፣ እንግሊዝ ከዌልስ ጋር በምትዋሰንበት በኩል፣ ከቲም ወንዝ በላይ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ነዋሪዋ 10,000 ቢሆን ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን «የገበያ ከተማ» ይሉታል። ስሙ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም። በድሮ ጊዜ አንድ ቦታ ሳምንታዊ ገበያ ለማቆም ፈቃድ ያስፈልገው ነበር፤ ገበያ ያገኘ መንደር ከተማ ሆነ፣ ያላገኘው መንደር ሆኖ ቀረ። ኖርማኖች በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዌልሶችን ለመጠበቅ ግንቡን ገነቡ፣ ከግንቡ ሥር ገበያ ቆመ፣ ከገበያው ዙሪያ ደግሞ ከተማው በቀለ።

ይሄ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። አያቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ትወርድ ነበር። ባቲ ደገኛውና አፋሩ የሚገናኙበት፣ ግመልና አሞሌ ጨው ከእህልና ከበርበሬ ጋር የሚተያይበት ገበያ ነው። ድንበር ባለበት ሁሉ ገበያ አለ፤ የሚጣላውም ሰው ጨው ያስፈልገዋላ። አያቴ ታዲያ ከባቲ ስትመለስ መጀመሪያ የምታወራልን ስለ ዕቃ ዋጋ አልነበረም፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን ሳይመጣ እንደቀረ ነበር። ይሄን ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ በገበያ ቀን ኑ። ሉድሎ ከግንቡ ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ እና ቅዳሜ ገበያ ይቆማል። ቅዳሜ የእንግዳ ቀን ነው፤ ከተማውን ማየት ከፈለጋችሁ ሰኞ ወይም ዓርብ ይሻላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ መነቃቀል ይጀምራል። መጀመሪያ ምንም ሳትገዙ አንድ ዙር ዙሩ። ዋጋ መከራከር የለም፣ «መርቂልኝ» ማለትም የለም። ግን አሥር ጊዜ ከተመላለሳችሁ በኋላ ከረጢታችሁ ውስጥ ያልከፈላችሁበት ፖም ታገኛላችሁ፤ ምርቃቱ በትዕግሥት ነው የሚመጣው። ሰልፍ ላይ ከፊታችሁ ያሉት አሮጊት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ለሻጩ ማውራት ከጀመሩ አትቁነጥነጡ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሰዓቴን እያየሁ እተነፍስ ነበር። ገበያው እሱ ራሱ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ከታች ወደ ላይ ግቡ። ብዙ እንግዳ ከባቡር ጣቢያው በቀጥታ ወደ አደባባዩ ይሄዳል። እናንተ ግን ወደ ወንዙ ውረዱና ከሉድፎርድ ድልድይ ብሮድ ስትሪትን ይዛችሁ ሽቅብ ውጡ። ከተማው ድሮ ሰባት በር ነበረው፤ ዛሬ የቀረው ብሮድ ጌት ብቻ ነው፣ መኪናም እናንተም በሥሩ ታልፋላችሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ የሚጠብቃችሁ በ1740ዎቹ የተሠራው በተርክሮስ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ስሙ እንደሚለው ቅቤ የሚሸጥበት ነበር። ስትሄዱ ቀና በሉ። ምድር ቤቱ የስልክ ሽፋን ወይም ጫማ ይሸጥበታል፤ ከላይ ያለው ግን ባለጥቁር እንጨት፣ የተጣመመ፣ ብዙ መቶ ዓመት የቆየ ቤት ነው። በ1619 የተሠራውን የፌዘርስን ሆቴል ፊት አንድ ጊዜ ቆማችሁ እዩት፤ ጠራቢው እጁ ሥራ መፍታት የማይወድ ሰው እንደነበር ትረዳላችሁ።

ሦስተኛ፣ ቅዱስ ሎውረንስ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። በሱፍ ንግድ ገንዘብ የተገነባ ነው፣ ማማው 41 ሜትር ይሆናል፣ ጉልበት ያለው 200 ደረጃ ወጥቶ እስከ ዌልስ ተራራ ድረስ ማየት ይችላል። እኔ ግን እንግዳ ይዤ የምሄደው ወደ ዘማሪዎቹ መቀመጫ ነው። መቀመጫዎቹ ታጣፊ ናቸው፤ ሲታጠፉ ከሥራቸው የእንጨት ቅርጽ ይታያል። አንዱ ላይ ያለችው መጠጥ ሻጭ ናት። በእኛ ቋንቋ ጠላ ሻጭ በሏት። ስፍር እያጎደለች ስታታልል ኖራለች መሰለኝ፣ ሰይጣን ተሸክሞ ወደ ሲኦል ሲወስዳት ያቺን ጣሳዋን አልለቀቀችም! የገበያ ከተማ ሰው የሚፈራው ኃጢአት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር አላየሁም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ውጪ፣ ግድግዳው ሥር፣ የገጣሚው ሃውስማን አመድ አለ። በ1896 ባሳተመው የሽሮፕሽር ግጥሞቹ ይሄን አገር ለዓለም ያስተዋወቀ ሰው ነው። ታዲያ የሽሮፕሽር ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ የተወለደው በጎረቤት አውራጃ፣ በዉስተርሽር ነው። ገበያው ላይ ደግሞ ብርቱካናማ መልክ ያለው፣ ሰማያዊ ሥር የሚሮጥበት «ሽሮፕሽር ብሉ» የሚባል አይብ አለ። እሱም መጀመሪያ የተሠራው ስኮትላንድ ነው፣ ያውም በ1970ዎቹ። ይሄን ስሰማ ሆዴ ትንሽ ተረጋጋ። ከሌላ አገር መጥቶ የዚህ አገር መባል ይቻላል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ግንቡን ለብቻችሁ እዩት። እዚያ ድንጋይ መሐል በ1502 የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ አርተር በ15 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ካትሪን የ16 ዓመት ልጅ፣ ከስፔን የመጣች ነበረች። ከተጋቡ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም። ኋላ የሄንሪ ስምንተኛ የመጀመሪያ ሚስት ሆነች፣ ታሪክ የሚያወራላትም ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። እኔ ግን በዚያ ብርድ፣ በሰው አገር፣ መበለት ሆና የቀረችውን ልጅ ነው የማስበው። ማን ይሆን «እንዴት አደርሽ» ያላት?

እንዲህ የማስብበት ምክንያት አለኝ።

በሦስተኛው ዓመቴ አባቴ አረፈ። አገር ቤት ቢሆን መርዶ በሌሊት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እሪ ስትል የሚይዝህ ሰው አጠገብህ ቆሞ። እኔን በስልክ ነገሩኝ፣ የሌሊት ሥራ ጨርሼ ጫማዬን እያወለቅሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች «አሞኛል» አልኩና ቤቴን ዘጋሁ። ለቅሶ የሚደርስ በሌለበት ማልቀስ ራሱ ያሳፍራል። ሻይ እያፈላሁ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል፣ እንደገና አፈላለሁ።

ድንች ያለቀብኝ ዓርብ ቀን ወጣሁ። አትክልት የሚሸጥልኝ ሰውዬ ብዙ የማይናገር፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ አፈር የነካቸው ሰው ነው። ስሙን እንኳ አላውቅም ነበር። ሳያመዝን ቀና ብሎ አየኝና «ሦስት ገበያ ጠፋሽ» አለኝ።

ሦስት ገበያ። ቆጥሮኛል።

«አባቴ ሞተ» አልኩት። በዚያ አገር እንግሊዝኛ ቃሉን ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር። ድንቾቹን አየ። ምን እንደሚል ግራ ገባው። ከዚያ ከጠረጴዛው ኋላ ዞሮ ወጣና አጠገቤ ቆመ። አላቀፈኝም፣ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ጎን ለጎን ቆምን፤ ሰልፉም ዝም ብሎ ቆመ። አገሬ ላይ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጥ የለ? ልክ እንደዚያ።

ሰኞ ስመለስ ፖስታ ሰጠኝ። እንግሊዞች ሰው ሲሞት ካርድ ይልካሉ። ከፍቼ ሳየው ገበያተኛው ሁሉ ፈርሞበታል። ስማቸውን እንደማላውቅ ስለገባቸው ከስማቸው ጎን ሥራቸውን ጽፈውልኛል፦ «እንቁላል»፣ «ዳቦ»፣ «አበባ»፣ «አይብ»። አንዱ ላይ «ዓሣ (ገዝተሽኝ አታውቂም)» ይላል።

ካርዱን ይዤ በዲናም ድልድይ ተሻገርኩና ዊትክሊፍ ወጣሁ። አምስተኛው ምክሬ ይኸው ነው፤ ሲመሻሽ እዚያ ውጡ። ከወንዙ ማዶ ያለ ግልጥ ኮረብታ ነው፤ ግንቡም፣ ማማውም፣ ጣራዎቹም በአንድ ዓይን ይታያሉ። ከታች በወንዙ ዳር ያለችው መንገድ «የዳቦ መንገድ» ትባላለች። የሠሯት ሰዎች ደመወዛቸውን መጠጥ ቤት እንዳይጨርሱት በዳቦ ይከፈላቸው ነበር ይባላል። እርሜን ያወጣሁት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፣ ዓሣ ሻጩ የጻፈውን እያነበብኩ፣ እያለቀስኩ እየሳቅሁ።

ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጠያቂ አያሳጣሽ» ይላሉ። አያቴ ከባቲ ይዛ የምትመጣው ወሬ ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ገበያ ማለት መቅረትህ የሚታወቅበት ቦታ ነው። ለንደን ሰባት ወር ብጠፋ የሚያውቀው የስልክ ኩባንያው ነበር።

ጓደኛዬ ባለፈው ጸደይ ተመልሳ መጣች። አሁን ዓርብ ነው ያልኳት፣ ሥራዋን አስፈቅዳ። ብርድ ነበር፣ ዝናቡም ያካፋል። ገበያው ላይ ገና ሳንደርስ አትክልት ሻጩ ከሩቅ አያትና ፊቱ ፈታ አለ። በመጀመሪያው ጉዞዋ ለዶሮ ወጥ የገዛችውን አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሲመዝን «ለስንት ሰው ነው?» ብሏት፣ «ለአራት» ስትለው ሚዛኑን እንደገና አይቶ ነበር።

«የሽንኩርቷ ልጅ!» አላት። «አራቱም ደህና ናቸው?»

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። ለንደን ውስጥ ስምንት ዓመት ኖራለች። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረችና ሽንኩርት እንዴት ያለ ዘይት ለረጅም ሰዓት እንደሚቁላላ፣ ዶሮው ስንት ብልት እንደሚወጣው፣ እንቁላሉ መቼ እንደሚገባ ታስረዳው ጀመር። ሰዓቷን አላየችም። ከኋላችን ሰልፉ እየረዘመ ነበር፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም።