በፎቶ የታጨች ተራራ

በፎቶ ብቻ ሚስት ያጨ ሰው ቦሌ ኤርፖርት ላይ የሚገጥመውን ድንጋጤ ሰምታችሁ ይሆናል፡፡ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን በፎቶ ስለታጨች ተራራ ነው፡፡

አንድ ሠዓሊ ወዳጅ አለኝ፡፡ ሥራው መልክዓ ምድር ነው፤ ገደል፣ ማሳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፡፡ በቅርቡ ውጭ አገር የሚኖር አንድ የሂርና ልጅ የደበዘዘ ፎቶ ላከለት፡፡ ተዳፋቱ ላይ ማሽላ፣ ጫፉ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከሥሩ ጎጆ ቤት፡፡ «የእናቴ ቤት ነው፡፡ ስታርፍ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፡፡ በትልቁ ሣልልኝ» ይላል መልእክቱ፡፡ ወዳጄ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሁለት ሳምንት ታገለ፤ አልሆነለትም፡፡ «ምነው?» ብለው፣ «ተራራው ወረቀት ሆነብኝ» አለኝ፡፡ እኔ ደግሞ ያደግሁት አሰበ ተፈሪ ነው፡፡ «በል ተነስ፣ በአካል እንያት!» አልኩት፡፡

አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ከአዲስ አበባ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፡፡ አዋሽን ተሻግራችሁ እስከ ሚኤሶ ድረስ የምታዩት ግራርና አቧራ ነው፡፡ ከዚያ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጨርጨር ይወጣል፡፡ ከ1,300 ሜትር ወደ 1,800 ሜትር ግድም ስትወጡ ጆሯችሁ ይደፈናል፤ ጫት የጫነ አይሱዙ ኩርባው ላይ ድንገት ብቅ ሲል ደግሞ ልባችሁ ይደፈናል፡፡ በአንድ ወቅት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ያስተዳደሩት አገር ነው ጨርጨር፡፡ ከተማዋ ዛሬ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ ናት፡፡

ወዳጄ መንገዱን ሙሉ ያወራልኝ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር፡፡ በ1924 ዓ.ም. ሐረር የተወለደው ይህ ሠዓሊና ገጣሚ በ1973 ዓ.ም. ያረፈው አሜሪካ ነው፡፡ «አገሩን ከሩቅ የሚናፍቅ ሰው ሥዕል ሲያዝ ቀለም ብቻ አይደለም የሚያዘው» አለኝ፡፡ ያን ጊዜ ነገሩ ብዙም አልገባኝም ነበር፡፡

የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ፡፡ ቁርስ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል፡፡ በእኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፡፡ ጥላ ከሌለ ደግሞ ተራራ ተራራነቱ ይጠፋል፤ እርከኑም፣ ሸለቆውም አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይሆናል፡፡ በዚያ ላይ ነፋሱ አቧራውን እያመጣ እርጥቡ የዘይት ቀለም ላይ ይለጥፈዋል፡፡ የከበቡን ልጆች ደግሞ ዝም አይሉም፡፡ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ «የኛ ቤት ቆርቆሮ እንዲህ አይደለም፣ ዝጓል» አለ፡፡ ወዳጄ ቀና ብሎ አየ፡፡ ልጁ ልክ ነበር!

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ወጣን፡፡ አንድ ሰዓት ሲል ጉሙ ከሸለቆው ተነሳ፡፡ እርከኖቹ አንድ በአንድ ጠርዛቸው ጠቆረ፣ ጣሪያዎቹ በሩ፡፡ ወዳጄ በስልኩ ፎቶ አነሳና ከፊታችን ካለው ጋር አስተያየኝ፡፡ ለካ ካሜራው ጥላውን አጥቁሮት ኖሯል፤ በዓይን ሲታይ ግን ጥላው ሰማያዊ ነው፣ ውስጡም የቀዩ አፈር ነጸብራቅ አለበት፡፡ ሰማዩን ነጭ አድርጎታል፡፡ ከሁሉ የከፋው፣ ደረታችን ላይ የቆመ የሚመስለውን ተራራ ከሩቅ ያለ ጉብታ አስመስሎታል፡፡ «ሁለት ሳምንት የተታለልኩት በዚህ ነው» አለ፡፡

በሦስተኛው ቀን ሂርና ገባን፡፡ ሰው ጠይቀን የፎቶውን ተዳፋት አገኘነው፡፡ ወዳጄ ሸራውን አቁሞ፣ ብሩሹን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መለካት ጀመረ፡፡ ምን አለፋችሁ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ስድስት ሰዎች ከበቡን፡፡ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም፡፡ አንድ ሽማግሌ ቀረቡና በኦሮምኛ፣ «መሬታችንን የምትለኩት ለማን ነው?» አሉ፡፡

ደነገጥኩ፡፡ ለካ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በእንጨት የሚለካ ሰው ለገበሬ ሠዓሊ አይደለም፤ መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ነው፡፡ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሳናስፈቅድ ነው የሰው ማሳ ፊት የተተከልነው፡፡ «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» ብዬ ፎቶውን ሰጠኋቸው፡፡ ብዙ አዩት፡፡ ከዚያም በጣታቸው ጎጆውን ነክተው የእናትየውን ስም ጠሩ፡፡ «እኔ ነኝ የቀበርኳት፡፡ ልጇን እየጠበቀች ነው የሞተች፡፡»

ቤታቸው አስገቡንና ሆጃ ቀረበልን፡፡ ያ ዋርካ ወድቋል፡፡ ለኢቱ ኦሮሞ ዋርካ፣ እነሱ ኦዳ የሚሉት፣ ተራ ዛፍ አይደለም፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ነገር የሚቆረጥበት ነው፡፡ ጭሮ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንኳ ስሙን ያገኘው ከኦዳ ቡልቱም ነው፡፡ ጎጆው በቆርቆሮ ቤት ተተክቷል፡፡ የማሽላው ማሳም ጫት ሆኗል፡፡

ወዳጄ ተጨነቀ፡፡ «እንደ ፎቶው ማሽላውን ልመልስለት? ሰውየው የሚፈልገው የልጅነቱን አገር ነው» አለ፡፡ ይህንን ለሽማግሌው ተረጎምኩላቸው፡፡ ትንሽ አሰቡና፣ «ኦዳውን ከወደደ ያቁምለት፡፡ ጫቱን ግን አይንቀልብኝ፤ ልጆቼን ያስተማርኩበት ነው» አሉ፡፡ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም፡፡

ወዳጄ ሁለት ጠዋት እዚያው ሣለ፡፡ ንድፉን ለሰውየው ላከለትና ያለውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገረው፤ ዋርካው የለም፣ ቤቱ የለም፣ መቃብሯ ግን ጫቱ ዳር በድንጋይ ታጥሮ አለ፡፡ አራት ቀን መልስ ጠፋ፡፡ «ገንዘቡ ቀረ በለኛ!» እያልኩ አሾፍኩበት፡፡ በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፡፡ ሰውየው ስለ ዋርካው አልጠየቀም፡፡ «ድንጋዮቹ ስንት ናቸው? በየትኛው በኩል ነው ፀሐይ የሚያገኛት?» አለ፡፡ ወዳጄ ፎቶውን ሳያይ መለሰለት፡፡

እንግዲህ ወደዚያ ለምትወጡ ሁሉ ምክሬ ይህ ነው፡፡ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፡፡ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከአሥር ሰዓት ወዲህ ሥሩ፡፡ ፎቶውን ለማስታወሻ አንሱት፤ ቀለሙን ግን እዚያው በዓይናችሁ አይታችሁ ወረቀት ላይ አስቀሩ፡፡ ብሩሽ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ባለማሳውን ፈልጉና ሰላም በሉ፡፡ እኛ ቀድመን ሰላም ብለን ቢሆን ኖሮ ያ መቃብር የት እንዳለ በመጀመሪያው ሰዓት እናውቅ ነበር፡፡